የሐዴራ አደባባይ

ሥራዬ መተርጐም ነው፤ ወገን አልይዝም፤
የሰው ቃል ተሸክሜ አሻግራለሁ እንጂ አልፈርድም፣ አላዝዝም።
ረቡዕ ማታ ጠሩኝ፣ ማዘጋጃ ቤት፣
ስለ አንድ መዞሪያ ነዋሪው ሊሟገትበት።

ኢንጂነር ኖጋ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበራች፤
"ይኸው ክቡ፣ ይኸው ዳሩ" እያለች ጠቆመች።
መሐሉ ላይ የወይራ ዛፍ፣ ዙሪያውን አበባ፣
በአራት በኩል መኪና የሚወጣ፣ የሚገባ።
"ቀለበቱን አጥብበነዋል፤ መኪናው ይዘገያል፤
ብስክሌትም ከመኪናው ጋር አብሮ ይዞራል።"

"አብሮ ይዞራል?" ብሎ ዩቫል ተነሣ፣
እጅጌውን ሰብስቦ፤ ክርኑ ላይ ጠባሳ።
"ይህን የሳለብኝ ያ አብሮ መዞር ነው!
ቀለም ቀቡልኝ አልኩ? ድንጋይ ነው የምለው፣
በኔና በጎማው መሐል የሚቆም።"
አርካዲ ከኋላ፦ "ድንጋይ ከተተከለ ደንበኛዬ የት ሊቆም?"

እማማ ስንዱ እጅ አላወጡም። ከዘራቸውን አነሡ።
"ልጄ፣ ንገርልኝ፤ አንዱም እንዳይረሳ።
ከዳር እስከ ዳር ዐሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ 'ቆይ' ይለኛል፤ የት እቆያለሁ?
ሊገባ የመጣ ሹፌር ዐይኑ ወደ ግራው ነው፣
መኪና ከዚያ ይመጣበታላ፤ እኔ በቀኙ ነኝ፣ ማን ሊያየኝ ነው?
ዛፉ ያምራል። ለዛፉ ማረፊያ ሠርታችኋል፤
ለኔ መንገዱ መሐል አንዲት ክንድ ቦታ ምን ይከብዳችኋል?"

ተረጐምኩ። ኖጋ ጻፈች፤ ብዕሯ ቆም አለ፣ ደግሞ ጻፈች።

"ደግሞ ያ!" ከዘራው ዞረ፣ በሩ ሥር ወደ ቆመው፣
የምግብ ሣጥን ጀርባው ላይ እንዳዘለ ወደ መልካሙ ነው።
"በኤሌክትሪክ ብስክሌት በእግረኛ መንገድ የሚከንፈው፣
በቀደም ሎሚዬን አስፋልት ላይ የበተነው!"
የስድቡን ጭራ ዋጥኩት፤ እሱን አልተረጐምኩም።
ዋሽቻለሁ አልልም፤ ሁሉንም ግን አላልኩም።

መልካሙ በዕብራይስጥ መለሰ፣ ዐይኑን ከጫማው ሳያነሣ፦
"አስፋልት ስወርድ ቀጭን ነኝ፤ ሹፌሩ አያየኝም።
እግረኛው መሐል ስወጣ ወፍራም ነኝ፤ ማንም አይችለኝም።
ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አድርስ ይሉኛል፤
በየት በኩል እንደማደርስ የሚነግረኝ የት ይገኛል?"

ይህን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። እማማ ስንዱ ዝም አሉ።
ዝናቡ መስኮቱን ሲቆረቁር ተሰማ።
"እንዲያ ከሆነማ ለልጁ መንገድ ስጡት፤
የራሱ ሲኖረው የኔን ይተውልኛል። ጻፊው በላት።"

አንድ ቃል ብቻ አልሻገር አለኝ ያን ምሽት።
"ኪካር" ያለችውን "አደባባይ" ስል፣ ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ፣ የጠሯቸው ይመስል።
አደባባይማ ሰው ቆሞ "አቤት!" የሚልበት፣
ነገሩን ሳይሰሙት የማይታለፍበት፤
እዚህ ግን የቆመ የሚገጭበት።

ውሳኔው ለሌላ ቀን ተባለ። በጀት፣ ጥናት፣ ፊርማ።
በቃለ ጉባኤው ራስጌ የከተማዋ ስም፦ ሐዴራ።
ዐይኔ ደክሞት ኖሮ አነበብኩት፦ አደራ።

ስወጣ ዝናቡ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብለጨልጫል።
መልካሙ ብስክሌቱን መንገዱ ላይ አግድም ገትሯል፤
የኋላ መብራቱ ቀይ፣ ብልጭ ድርግም።
በሱ ከለላ እማማ ስንዱ ይሻገራሉ። አያመሰግኑትም፤ አያዩትም።
ክላክስ ተነፋ። ሌላም።
"አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት..."
ቆሙ። እሱም ቆመ።
የማን እንደሆነ የማላውቀው ሾርባ ሣጥኑ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው።
"ስምንት" አሉ።