ሠላሳ ሰባት ብር

ከሌሊቱ ስድስት። ሐዋሳ ተኝታለች፤
በታቦር ዝናብ ሥር ሐይቋን ታቅፋለች።
በውሃ ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰው ቀርተናል፤
የቢሉን ልብ አውጥተን ሌላ ልንተክል መጥተናል።

አሮጌው ሰርቨር ከጠረጴዛው ሥር፣
ማራገቢያው ሲያስል፣ ሲያርፍ፣ ደግሞ ሲዞር፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያገር ቢል ተሸክሞ
አቧራ ለብሶ ኖሯል፣ አንዴ ድኖ አንዴ ታሞ።
አዲሱ ጥግ ቆሟል፣ ፌስታሉ ሳይላጥ፣
እንደ አዲስ ሙሽራ ሰው ፊት የሚደነግጥ።

በወረቀት ይዘናል የሌሊቱን ሥራ፦
ማን ምን እንደሚዘጋ፣ ማን ማንን እንዲጠራ።
ሦስት ጊዜ ተለማምደን ሁለቴ ወድቀናል፤
የወደቅንበትን በቀይ አስምረናል።
ከግርጌው አንድ መስመር አለ፣ እኔ የጻፍኩት፦
«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልሆነ፣ ይመለስ ወደ ጥንቱ ቤት።»

ቀን አሞራ ገደል ቆሜ ሳይ ነበር
ዓሣ ከታንኳ ወደ ታንኳ ሲሻገር።
አንዷ ታንኳ አርጅታ ውሃ ይሰርጋታል፤
ሌላዋ አዲስ ናት፣ ቀለሟ ይሸታል።
ልጁ ግን ካሮጌዋ እግሩን ሳያነሣ
ቀድሞ ገመድ አሰረ፤ ከዚያ ነው ዓሣ።

ሰናይት ስትቆጥር፣ ዱካሞ ሲጠራ፣
አርባ አንድ ሺህ ደንበኛ አለፈ በተራ፤
ከመናኸሪያ ሰፈር፣ ከአቶቴ፣ ከቱላ፣
ቆጣሪው ከነዕዳው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ።

ድምሩ ሲመጣ ግን
ሠላሳ ሰባት ብር
ጎደለ።
ማራገቢያው ብቻ ነበር የሚናገር።

«ሠላሳ ሰባት ብር? ከኪሴ ልክፈለው!»
አለ ዱካሞ ስቆ፤ «እንቅልፌ ነው የሚበልጠው።»
እኔ ያን ቀይ መስመር፣ ሰዓቱንም አየሁ፤
ብሩን አይደለም፣ ያልታየ ቀዳዳ ፈራሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ደወልን ለጋሽ ቡሪሶ፤
በባጃጅ መጡልን፣ ካፖርታቸው በስብሶ።
ስክሪኑን አላዩም፤ መሳቢያቸውን ሳቡ፣
የተጣጠፈች ብጣሽ አወጡ፣ አነበቡ፦
«የወይዘሮ አርፋሴ ነው። ቆጣሪያቸው ዞሮ፣ አምና ክረምት፣
ስማቸውን ማሽኑ እምቢ ቢል፣ ድምሩ ላይ ጨመርኩት።»

ለካ ግማሹ ሥርዓት ማሽን ውስጥ አልነበረም፤
በአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ፣ ስም አልወጣለትም።

አሥር ተኩል ላይ ቁጥር ከቁጥር ገጠመ።
አዲሱን ከፈትን። አሮጌው ግን አልጠፋም፤ ገመዱ እንደታሰረ ቆመ።

ሰኞ ጠዋት ሰልፉ እንደ ወትሮው ነበር፤
አባ ኮዳው ጣሪያ ላይ፣ ዘበኛው ከበር።
አንዲት ሴት ብቻ ከፍላ ወረቀቱን አየችና
«ደረሰኙ ጠበበሳ!» ብላ ወጣች በደህና።

ከጠረጴዛው ሥር አሮጌው ያስላል እስካሁን።
ጋሽ ቡሪሶ ቆልፈው መሳቢያቸውን
ቁልፉን ሰጡኝ ዛሬ፦ «ያንቺ ነው ከእንግዲህ፤
ቀስ ብለሽ አንብቢው። ብዙ አለ እዚህ።»