ያልተመታው ማህተም

መኪናዋን ስገዛ ዝናብ ነበር ኢንቨርነስ ላይ፣
ቀለሟም እንደዚያው፣ እንደ ረፋዱ ሰማይ፤
ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጭረት እንኳ የላት፣
ሚስተር ፔትሪ በመዳፉ እንደ ጊደር ሽንጥ ቸብ ቸብ አረጋት።
«ሰርቪሷስ?» አልሁት። «ሙሉ ነው» አለኝ፤
ፈገግታውን ከቁልፉ ጋር አንድ ላይ ሰጠኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ደብተሯን ገለጥሁ፣
ማህተም ማህተሙን በጣቴ ቆጠርሁ።
አንደኛው አለ። ሁለተኛው አለ።
ሦስተኛውም ፈዞ፣ ግማሹ ተፍቆ፣ አለ።
አራተኛው ግን ባዶ፦ የወለቀ ጥርስ ስፍራ፣
ሐሳቤም እንደ ምላስ እዚያው ላይ የሚሠራ።

በዚያ ሰርቪስ ነበር ቺንጋው መቀየር የነበረበት፣
መንገድ ላይ ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ የሚሞት።
ስልክ ደወልሁ። «ተቀይሯል፣ ይመስለኛል» አለ ፔትሪ፤
«ይመስለኛል»ን ይዤ እንዴት ልጨብጥ መሪ?

ከዚያ ወዲያ ሬድዮ አልከፈትሁም፣
ዳገት ላይ ጆሮ እንጂ ዓይን አልነበረኝም።
ከባሕሩ በላይ ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ፣
ጠቅ ይላል አንድ ነገር፤ ቀስ ስል እሱም ቀስ።
ፖስታ አዳይ ነኝ፣ የሰው ደብዳቤ በር የማልስት፣
ለእኔ የተላከው ግን ጠቅታ ብቻ፣ ያውም ያለ አድራሻ፣ በሌሊት።

ኢሽቤል በሦስተኛው ሳምንት ሾርባ እየጨለፈች፣
«ቶርክዊል፣ መኪና ነው ወይስ ጥርጣሬ የገዛኸው?» አለች።
«ጥርጣሬስ በነጻም ይገኝ ነበር።»

የፈዘዘውን ማህተም አምፖል ሥር አዞርሁት፣
በማጉያ መነጽር ፊደል በፊደል ለቀምሁት፦
አርድናክሊ ጋራዥ።
ቅዳሜ ሄድሁ። ጋራዡ ፀጉር ቤት ሆኗል፣
መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ በጣውላ ተከድኗል።
ሺና፣ የመካኒኩ ልጅ፣ መቀሷን ጣል አድርጋ
የብስኩት ጣሳ አመጣች ከጓዳ ፈልጋ።
«አባባ ማህተም ይረሳል፣ መጻፍ አይረሳም ነበር።»
የሟቹ መዝገብ ነው፣ በእርሳስ፣ መስመር በመስመር።

አገኘናት። ታርጋዋ። ኖቬምበር።
«ዘይት፣ ማጣሪያ፣ የፊት ፍሬን ሸራ።
ቺንጋውን ነገርኋት። ‹ለሚቀጥለው ዓመት› አለች። ቀረ ሳይሠራ።»
ከሥሩ ደግሞ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፦
«ወይዘሮ ማክፌል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆስፒታል ትነዳለች፣
ባሏ ዘንድ። ዋጋ ቀነስሁ።»
የሚቀጥለው ዓመት ገጽ ላይ ታርጋዋ የለችም።
ሺና ሁለቴ ገልብጣ አየች፤ ምንም አልተናገረችም።

አልተሠራም እንግዲህ። ያን ሌሊት ግን፣ ይገርማል፣
ተኛሁ።
ስሙ የታወቀ ሕመም ቢያንስ ሐኪም ቤት ይገባል።

ሰኞ የመዝገቡን ፎቶ ለፔትሪ ላክሁለት። ዝም።
ማክሰኞም ዝም።
ረቡዕ ደወለ፤ ክራባቱን የፈታ ሰው ድምፅ መሰለኝ፦
«ያን ባዶ ቤት እኔም ሳልገዛት አይቼው ነበር» አለኝ።
«ግማሹን እከፍላለሁ።»
ግማሹን። ይሁን አልሁ።
ይቅርታዬንም በዚያው ልክ፣ ግማሹን ሰጠሁ።

የወደቡ መካኒክ ሩአሪ ኮፈኗን ከፍቶ
አሮጌውን ቺንጋ አሳየኝ በጣቶቹ አጥፎ አጥፍቶ፦
ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ብርድ የመታው ተረከዝ።
«ሁለት ወር» አለ። «ምናልባት ሦስት።»
«ጠቅታውስ?» አልሁት። «ቺንጋ ጠቅ አይልም» አለና
የሾፌሩን በር ኪስ እስከ ክርኑ ዳበሰና
ትንሽ ቆርቆሮ አወጣ፣ የሳል ከረሜላ ማስቀመጫ፤
ውስጡ አንዲት ፍሬ ቀርታ፣
በየመታጠፊያው ግድግዳውን ስትመታ።

ደብተሩ ላይ አዲስ ማህተም አለ አሁን፣ ትንሽ ጠመም ብሎ፣
የሩአሪ አውራ ጣት ከነዘይቱ አብሮ ታትሞ።
አራተኛውን ቤት ባዶውን ተውሁት።
ቆርቆሮዋንም ከነበረችበት መለስኋት።
ጠመዝማዛው ላይ ስደርስ ጠቅ ትላለች።
ሬድዮ እከፍታለሁ፤ ድምፁን ግን
ዝቅ አድርጌ።