ማሳሳት

ገራዶ ላይ አለኝ አሥራ ሁለት የፖም ዛፍ፤
ግማሹን ራሴ አዳቀልኩ በምላጭ ጫፍ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ክር ሲበጠስ ነበር የምቀጥል በውሉ፤
ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴው መስመር
ሲጋጠም ያው ውል ነው፣ የማውቀው ነገር።

ሰው ብርዱን ያማዋል ከጦሳ ሲወርድ፤
ፖም ግን ያንቀላፋል፤ ካልተኛ አይወልድ።
ይህን ያስተማረችኝ የግብርናዋ ዘምዘም።
በጥር የዛፉን መሐል በመጋዝ ከፈተች፤
«ፀሐይ ያልጎበኘው ፍሬ አይቀላም» አለች።
እሱን ታገሥኩላት።
በሚያዝያ ተመልሳ፣ ሰላምታም ሳትደግም፣
«ጋሽ ሙሄ፣ ማሳሳት ነው፤ ካንዱ ዘለላ
አንዲት ፍሬ ትቅር፤ ይቆረጥ ሌላ።»

ማሳሳት!
ቆርቆሮ እየመታሁ ወፍ ያባረርኩለትን፣
እንደ በኩር ልጄ እኔ የሳሳሁለትን?
ይህች ልጅ በስተርጅና ልታሳስተኝ ነው፤
መቀሱን ብቀበል እጄ ላይ ነው ያደረው።

ግን አምና አለ። እሱን የት ልደብቀው?
ቤቱ ጥግ ያለውን፣ ሁሉም የሚያደንቀው፣
ፍሬው እንደ ዶቃ ተደርድሮ ሞልቶ
ዝናብ ቢጨመርበት፣ ከትከሻው ወጥቶ
በሌሊት ሰማሁት እንደ አጥንት ሲሰበር፤
የሚስቴ እህት እንኳ «ሌባ!» ብላ ነበር።
በነጋው ለቀምኩት፤ ሎሚ እንኳ አያክል፤
የፒያሳዋ ነጋዴ «ለፍየል ይሆናል!»
ብላ ሳቀችብኝ።
ዛፉም ዘንድሮ አንድ አበባ አላሳየኝ።
«አኩርፎ አይደለም፣ ደክሞት ነው» አለችኝ
ዘምዘም፣ ግንዱን እየዳሰሰች።

ትል የነካውን ቆረጥኩ፤ እሱስ አልከበደኝ።
ከሁለት እኩዮች መምረጡ ነው የገደለኝ።
አንድ ጭብጥ ርቀት፣ ከፖም እስከ ፖም፤
እሷ በጭብጧ ለካች፣ እኔ አልለካሁም፤
እጄ ከልቤ ቀድሞ ነገሩን ያዘና
ሦስት ቁና ሆነ የጣልኩት ተለካና።
«እዚህ እንዳይተዉት፤ ትሉ ይፈለፈላል፤
በጥልቀት ይቅበሩት፤ አፈሩ ይበላል።»
ቀበርኩት። ዶማውን አጥቤ ገባሁ።
እራት አልቀመስኩም።

አሁን ግንቦት ሆነ። በቅርንጫፎቹ መሐል
ድሮ ያላየሁት ሰማይ ይታየኛል።
እኔ ካሁኑ አልፈርድም፤ ሐምሌ ይናገር፤
«አሳሳችኝ» እና «አሳሳተችኝ» ለሚባል ነገር
ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤
እሷንም ገና ቅርንጫፉ ላይ አንጠልጥያታለሁ።

ትናንት ሌሊት ዘንቦ፣ ጆሮ ጥዬ ቆየሁ፤
ምንም አልተሰበረም፤
እንደ ፖሙ ተኛሁ።