ይዘላል ወይ?

ጥር ነው፣ ደብረ ብርሃን። መስኮቱ ውርጭ ለብሶ፣
በር የምከፍትበት ሰዓት ገና ደርሶ፣
ከሞላሌ አውቶቡስ የወረደች ሴት
ቆማ አገኘኋት ከደጁ ፊት ለፊት።

«በለጥሻቸው እባላለሁ» አለች፣ ተቀመጠች፣
ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ አወጣች፤
የዘጠኝ በግ ዋጋ፣ የሁለት ዓመት ሱፍ፣
ሽታው ገና ያለ ከብሩ ጫፍ ለጫፍ።
«ይሄ የምትሸጡት ወረቀት» አለችኝ፣
«ይዘላል ወይ?» ብላ በዓይኗ መዘነችኝ።

ዘረጋሁላት ያን የዋጋ መስመር፣
ሰማይ የሚቧጭር፣ ገደል የሚወረወር።
«ይህ» አልኳት «ግዙፍ ነው፣ ስሙን አገር ያወቀው፣
አምና ብቻ ዋጋው በእጥፍ የላቀው፤
ይህኛው ገና ልጅ፣ ትንሽ፣ ችኩል፣ ሯጭ፣
ቀንቶት ካልሸለመሽ ኪስሽን ገላባጭ።»

«ሽንኩርት ነው» አለች፣ «ነጩ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣
መሐል ሜዳ ገበያ ሲዘል አይቻለሁ፤
ጎረቤቴ ማንያዘዋል ገብሱን ለውጦ
ማሳውን ሽንኩርት አደረገው በሬውን ሸጦ፤
ሰኔ ላይ ወርቅ ነበር፣ ጥቅምት ላይ ቆሻሻ፣
ዛሬም እሱ ቤት ነው የሽታው መሸሻ።

በግ ስመርጥ አውራው ላይ እጄን አልዘረጋም፣
ለግልገሉም ቢሆን ሁሌ ሌት አይነጋም።
መካከለኛዋን፣ ጥርሷ የሞላላትን፣
ሣሩ ሲከዳት እንኳ ጓሳ የሚበቃትን፣
እሷን ነው የምነዳ። አትሮጥም፣ አትቀርም፤
ሲሸጧት አታስቆጭ፣ ሲያርዷት አታሳፍርም።
መሐል የለም እንዴ?»

ከመሳቢያው ግርጌ አቧራ አራግፌ
አሳየኋት ያንን፣ ባጭሩ ጽፌ፦
ብቅል፣ ብርድ ልብስ፣ የጠርሙስ ክዳን፣
ዱቄት፣ የጫማ ሙጫ፣ የበር መዝጊያ፣ ሳህን፤
ስም የሌላቸው፣ ግን ደመወዝ ያልዘለሉ፣
ሃያ ሦስት ድርጅቶች ባንድ ከረጢት ያሉ።
መስመሩ ሲታይ የመንዝ ሜዳ ነው፣
እዚህ ጉብ፣ እዚያ ዝቅ፣ ጣርማ በር የሌለው።

«ግን» አልኳት «እትዬ፣ ዋስትና አልሰጥሽም፣
ይወርዳል እሱም፤ ሲወርድ አልደብቅሽም።»
«ውርጭ ያልነካው ገብስ የት አለ?» አለች፣
ስሟን ፊደል በፊደል ቀስ ብላ ፈረመች።

ያልነገርኳት አለ።
እኔ፣ ይህን የምሸጥ፣ ከረባት ያሰርኩ፣
የሦስት ዓመት ቁጠባዬን በሯጩ ከሰርኩ።
ሌት ሌት ስልኬን ስከፍት፣ ዋጋው ሲዘቀዝቅ፣
ይመኙሻል «ምን ሆነሃል?» ስትል፣ «ሥራ ነው» እያልኩ ስደብቅ።

ዓመት ዞሮ መጣች፣ በዚያው አውቶቡስ፣
በዚያችው ጥዋት ብርድ፣ በዚያው የባና ልብስ።
ዋጋው ሁለት ጊዜ ወርዶ፣ ተመልሶ፣
ትርፉ የአንዲት ጠቦት፣ ያውም ተቀንሶ።
ሦስት ጊዜ ቆጠረች፣ ፈገግም አላለች።
«ዘለለ ወይ?»
«አልዘለለም።»
«ጨምር» ብላ ሌላ ቋጠሮ ዘረጋች።

በሩ ሲዘጋ፣ ከመሳቢያው ግርጌ
አንድ ቅጽ ሳብኩ፣ ለራሴ።
ጣቴ በርዶት ነበር፤
ስሜን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ፣ እንደሷ ጻፍኩት።