ስፌቱ ያዘ

ሲሚንቶ ወረቀት ላይ በከሰል ሥሎ፣
«እትዬ ዘርፌ፣ ይቺን ስፊልኝ» አለ፣ በሬ ላይ ተንጠልጥሎ።
አዙሬ አየሁት፤ ግማሹ ክንፍ፣ ግማሹ የዓሣ ጀርባ፤
እኔ የምሰፋው ለሲኖትራክ ነው፣ ጤፉ ላይ ዝናብ እንዳይገባ፣
ለድንኳን፣ ለልቅሶ ቤት፣ ለአሸዋ፣ ለብሎኬት፤
ነፋስ ደግሞ ምን ልብስ ያሻዋል፣ እርቃኑን የሚሮጥ ፍጥረት!
«ሸራ ነው፣ እትዬ።»
«ለየቱ መኪና?»
«ለውሃ።»
ሳቅሁ፤ ብር ሲያወጣ ግን ሳቄን ሰበሰብሁና
ክር መረጥሁ።

በዳሳ ይባላል። ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ ጎረምሳ ሳለ
የእንግዶች ሰሌዳ ሲያጥብ፣ ሲሸከም፣ ሲያደርቅ የዋለ፤
ደመወዙን ሲከለክሉት አፍንጫዋ የተሰበረች ሰሌዳ ይዞ
አይሱዙ ላይ በፍየሎች መሃል አስተኝቷት፣ ቃሊቲ ድረስ ተጉዞ።
አሁን በያጅ ነው፤ ዓይኑ ቀይ፣ ክንዱ ፍንጣሪ የጻፈበት፤
እሑድ እሑድ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፣ ሐይቁ ነፋስ ሲነሣበት።

ከአሮጌ የጭነት ሸራ ቆረጥሁለት፣ ብርቱካናማ፣ ፀሐይ የበላው፤
ጀርባው ላይ ጽሑፍ ነበረ፣ ሾፌሩ በዘይት ቀለም ያስጻፈው፤
«ርቀትዎን ይጠብቁ» ይላል፤ መቀሴ አንገቱን ሲቀላ
«ርቀትዎን ይ—» ቀረ፤ ሌላው የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነ፣ ከኋላ።
ድርብ ስፌት፣ የመረብ ክር በሰም አሽቼ፣
ጥርሴን ነክሼ ሰፋሁት፣ ሦስት መርፌ ሰብሬ፣ አውራ ጣቴን ወግቼ።

የካቲት ነው። ከየረር በኩል የተነሣው ነፋስ
የቱሉ ዲምቱን አቧራ አፍሶ፣ ልብስ ከገመድ እየለቀመ፣ ደጅ ለደጅ ሲያስስ፣
ባጃጅ ይዤ ወረድሁ። ሥራዬን ልይ ብዬ ነው እንጂ
ሰው ሲሰጥም ማየት አልወድም።

ከተማው የታጠበበት ሁሉ ወርዶ የተኛበት ውሃ፣
የቆዳ ፋብሪካ ትንፋሽ፣ እምቦጭ፣ የላስቲክ ጠርሙስ በረሃ፣
ዛሬ ተነሥቶ ቆሟል። ማዕበሉ እንደ ተቆጣ ኮርማ ጎሽሞ ጎሽሞ
ግድቡን ይወጋል፤ ያጎነብሳል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ።
ዘበኛው ለሚ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣
«ዛሬስ ይተወው» አለኝ። አልተወውም፤ ውሃው ወገቡ ላይ ነው፣ ሸራዬ በላዩ ተጠማዞ።

አንዴ ሳበው፤ ወደቀ።
ሁለቴ ሳበው፤ ወደቀ።
በሦስተኛው ሸራው ጯ! ብሎ ተወጠረ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ፣
እሱም ጀርባውን ለውሃ ሰጥቶ ተንጠለጠለ፣ በባዶ ሜዳ፤
እግሩ ሰሌዳው ላይ፣ እጁ ምሰሶው ላይ፣ ሌላው ሁሉ በአየር፤
ነፋሱ ቢለቅ እሱ ሊወድቅ፣ እሱ ቢለቅ ሸራዬ ሊበር፤
እንደሚጓተቱ ሁለት ባለዕዳዎች፣
ማን ለማን እንደሚከፍል ሳይለይ።

ማዕበሉ ሽቅብ ሲገፋት ሰሌዳዋ ጫፉ ላይ ወጥታ
ከውሃ ተላቀቀች! በሥሯ ብርሃን አየሁ፣ ለአንድ አፍታ።
«ርቀትዎን ይ—» እያለ በግድቡ ጥግ ሲያልፍ
ዓሣ አጥማጆቹ አጨበጨቡ፤ የኔ ዓይን ስፌቱ ላይ ነው፣ እጥፉ ላይ፣ የቀኙ ጫፍ፤
ልጁን ትምህርት ቤት በር ላይ ለቆ ቆሞ እንደሚያየው ሰው፣
«ያዝ፣ ክሬ፣ ያዝ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ ነፋሱ ነው።

ከዚያ ነፋሱ ሐሳቡን ቀየረ፤ በፉሪ በኩል ዞሮ መጣ፤
የቤት ክዳን የሚያህል ማዕበል ከፊቱ ወጣ።
ትርርር።
ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ።
ብርቱካኑ ተገለበጠ። ውሃ ብቻ።
ለሚ ሮጠ። ጠርሙሶቹ ይዘልላሉ።
ቆጠርሁ፤ ስፌት እንደምቆጥረው፤ አንድ፣ ሁለት…
አሥራ ዘጠኝ ላይ አንድ እጅ ወጣ፣ እምቦጭ ለብሶ፤
ከዚያ ራስ፣ ከዚያ ሳል።

ዳር ሲደርስ ሸራውን ነጠቅሁት፣ «ተረፍህ?» እንኳ ሳልለው።
(አፍሬበታለሁ፤ ግን እንዲያ ነው ያደረግሁት።)
የተቀደደው ጨርቁ ነው፤ ከስፌቱ ስንዝር ርቆ፣
ከሾፌሩ ጽሑፍ መሃል፣ «ርቀት»ን ከ«ዎን» ነጥቆ።
ስፌቱ ይዟል።

«እትዬ» አለኝ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣
«ለሳምንት ይደርሳል?»
ዋጋውን እጥፍ ጠራሁ፤ ሳቁን ከውሃ ጋር ረጨ።

ማታ ቆርቆሮው ሲንኳኳ እንደ ወትሮው አልረገምሁም።
ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፣
ክንዴን ወደ ጨለማው ዘረጋሁ፣
ለነፋሱ ስንት ሜትር እንደሚበቃው
ልለካው።