ቀዳዳው

ጊምሊ ላይ፣ ሐይቁ ገና በረዶውን ሳይለቅ፣
ሲግሩን ገባች የወረቀት መቁረጫ ማሽን ካለበት ሱቅ፤
የጣቷ አንጓ አብጦ መቀስ አልይዝ ብሏት፣
የአልበሟ ሦስት ገጽ ባዶውን ቀርቶባት።

ልጁ ይዘረዝራል፦ «ይሄ በስልክ ይታዘዛል፣
ያኛው ፈጣን ነው፣ ጨርቅም ይቆርጣል፣
ስለቱ ግን ለብቻው ይሸጣል...»

«ተወው» አለች፣ «በሁለቱም ዓሣ ቁረጥልኝ።»
ከቦርሳዋ ሰማያዊ ወረቀት አወጣች፣ የራሷን።

የመጀመሪያው ጅራቱን ቦጨቀው።
ሁለተኛው አንሾካሾከ፣ ወዲህ ወዲያ አለ፤
ክንፉ እንኳ ሳይጎድል ዓሣው ተነጠለ።

«ይኼኛው ይሁን።» ዓሣውን ትታ ለልጁ፣
ቀዳዳውን ብቻ አንከብክባ በእጇ
ወጣች።

ማታ፣ በባሏ ፎቶ ላይ ለጠፈችው።
በዓሣው ቅርፅ በኩል ውሃው ብቻ ታየ፤
ጀልባውም፣ ሰውየውም
ከሰማያዊው ሥር ቀሩ።