የግራ እጅ መዶሻ

ከሎድ ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ ከጎማ ጠጋኙ ኋላ፣
አሥራ አንድ ሆነው መጡ፣ ተዘርግፈው እንደ ሸክላ፤
የሉና ፓርክ መኪኖች፣ ለመጋጨት የተሠሩ፣
ሞተር እንጂ ፍሬን የላቸው፣ በልጅ ጩኸት የሚዞሩ።
ከባሕር ዳር ነው የተጫኑት፤ የጣናው አይምሰላችሁ፣
ባት ያም ነው፤ የዚያ ጨው ደግሞ ብረት ሲግጥ ባያችሁ!

ሜንዴል፣ ጌታው፣ የቡካሬስት ሰው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«እስከ ፋሲካ እንደ አዲስ!» አለኝ፣ መዳፉን ትከሻዬ ላይ ጥሎ።
ለሱ አዲስ ማለት ቀለም ነው፤ ከላይ ቢያብረቀርቅ አበቃ ጉዳይ፣
ከቀለሙ በታች ያለውን ማን ያያል፣ ማንስ ሊያይ።

በሰማንያ ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀመርኩ ፍቅፈቃ፤
ቀዩ ሲሄድ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲሄድ ጨረቃ፣
ከጨረቃዋ ሥር ቁጥር አራት፣ ከቁጥሩ ሥር ሌላ ቀይ።
አቧራው ቅንድቤን አለበሰው። አላስነጠስኩም ወይ!
አንዱ ልጅ በምስማር ስሙን ሲጭር፣ ተራው አልቆ ደወል ደወለበት፤
ሁለት ፊደል ብቻ ቀርተዋል፤ ሙሉ ስሙን እንጃለት።
ከመቀመጫው ሥር አንድ ሪባን፣ የማይሠራበት አጎራ፣
ሩዝ የምታክል የወተት ጥርስ፣ ከዝገቱ ጋራ።

አባቴ ባይህ ቀጥቃጭ ነበር፤ ወለቃ፣ ከጎንደር ማዶ፣
ማረሻ ያበጃል፣ ማጭድ ይስላል፣ በወናፍ ፍሙን አንድዶ።
ቀን ማረሻ የወሰደ ጎረቤት፣ ማታ ልጁን ይደብቃል፤
«የቀጥቃጭ ዓይን አይጣል ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይጮኻል።»
እኔም ሰምቻለሁ።
ከወናፉ ጀርባ ሆኜ፣ አመድ በጣቴ እየጫርኩ ሰምቻለሁ።

ሰኞ ዕለት፣ ቁጥር አራትን ገልብጬ ሆዷን ወደ ብርሃን ሳዞር፣
ላሜራው የመዶሻ ዱካ ሞልቶታል፣ እንደ ዝናብ የመታው አፈር።
ፋብሪካ ያተመው መስሎን! ለካ ሰው ነው የቀጠቀጠው፤
ምቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላል፤ ግራ እጅ ነው የመታው።

አባቴም ግራኝ ነበር።

ጣቴን ከጎድጓዳ ወደ ጎድጓዳ አሻገርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
አራተኛው ላላ ይላል፣ ትንፋሽ የወሰደበት።
የአባቴ እጅ ነው አልልም። ጀርመን ይሁን፣ ቼክ ይሁን፣ ጣልያን፣
ማን ያውቃል? ወገቡን የሚያመው፣ ምሳውን በጨርቅ የሚቋጥር አንድ ምስኪን።
ብቻ እዚያ አገሩ፣ ማታ ማታ፣ ልጅ ይደብቁበት ነበር ወይ?
ወይስ ልጆች ተሰልፈው፣ እሱ በመታው ብረት ላይ
ለመሳፈር ሲጋፉ፣ ቆሞ ያይ ነበር ከሩቅ?
ይህን ሬንጅ አይመልስም፣ ክሮምም አያውቅ።

«ሆዷን ሬንጅ ቀባ፣ ዝገቱ እንዳይመለስ» አለ ሜንዴል።
ቀባሁ። ሳልቀባ የተውኩት አለ፤ መዳፍ የምታክል፣
እዚያ ላይ ሰም ብቻ አሸሁ፣ በጥጥ ጨርቅ፣ እየዞርኩ፣ እየዞርኩ፤
ውጭዋን እንደታዘዝኩት በወርቅ ቀለም አጠርኩ።
ቅኔ ሰሙ ላይ ላዩን፣ ወርቁ ከሥር ነው ይሉናል፤
የኔዋ ተገልብጣለች፤ ወርቁ ለአላፊ አግዳሚ፣ ሰሙ ከሆዷ ይተኛል።

ኀሙስ ፊማ ኤሌክትሪኩን ቀጠለ። ከጣሪያው ወንፊት ብልጭታ ረገፈ።
ከብሎኩ ልጆች መጡ፤ በሩ ላይ ግማሹ ተሰለፈ።
አንዲት እናት፣ የዱቄት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣
ልጇን ራሷ አንስታ አስቀመጠችው፣ ቁጥር አራት ላይ አስጠግታ፣ አደላድላ፣ ቀበቶውን አጥብቃ ዘግታ።
እኔን አየችኝ። «አይዞህ» አለችው ለልጁ፣ «ሰውየው አለልህ፣ እዚያ።»

ሰውየው። እዚያ።

ልጁ ሳቀ፣ መሪውን ጠመዘዘ፣
በሳቁ ልክ ሄዶ ሄዶ፣ የአዳራሹን ምሰሶ ገጨ፣ ደነዘዘ፤
ከዚያ ደግሞ ሳቀ።

የወርቁ መስመር ጎደጎደ፣ አንድ ስንዝር ከመብራቱ በታች።
ሜንዴል ፀጉሩን ያዘ። ፊማ ሳቀ። እናትየው ደነገጠች።

ማታ ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ መብራቱን አንዱን ብቻ ትቼ፣
መዶሻውን በግራ እጄ ሞከርኩት።
ከበደኝ።